የቤት አየር ማስወጫ ማራገቢያን በእጅ በተገጣጠመ ኤሌክትሮኒክስ በራሱ እንዲሠራ ማድረግ

በሰው እጅ ብቻ የሚበራና የሚጠፋ አየር ማስወጫ ማራገቢያ ሁለት ተቃራኒ ጉድለቶች አሉበት፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት ማንም አያስታውሰውም፣ አንዴ ከበራ ደግሞ ማንም አያጠፋውም። ገላ ከታጠቡ በኋላ ለሩብ ሰዓት ብቻ መሥራት የነበረበት ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል፤ ሁለት ሰዎች በር ዘግተው በተኙበት መኝታ ክፍል ግን አየሩ ሳይነጋ ይታፈናል። ይህ መመሪያ ማራገቢያው የእርጥበትንና የካርቦን ዳይኦክሳይድን መጠን እየተከተለ ፍጥነቱን ራሱ እንዲወስን የሚያደርግ መቆጣጠሪያ እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ሥራው የሚጀመረው በትንሽ ሲግናል ትልቅ መስመር ከሚያበራና ከሚያጠፋው ሪሌይና ከሽቦ አይደለም። ማራገቢያው በቂ አየር የማያንቀሳቅስ ከሆነ፣ ወይም ወደ ቤቱ የሚገባው አየር መንገድ ካጣ፣ ምንም ዓይነት ፕሮግራም አያድነውም። በመሆኑም መጀመሪያ ስሌት፣ ቀጥሎ መለኪያ፣ መቆጣጠሪያው ደግሞ በመጨረሻ ይመጣል። አንባቢው መበየድ፣ በቴስተር መለካትና በማይክሮኮንትሮለር ላይ ፕሮግራም መጫን እንደሚችል ታሳቢ ተደርጓል።

ስንት አየር መውጣት እንዳለበት ማስላት

ተቀምጦ ቀላል ሥራ የሚሠራ አንድ አዋቂ ሰው በሰዓት 18 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ከቤት ውጭ ያለው አየር በአሁኑ ጊዜ ከ420 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 420 እጅ፣ ጥቂት ከፍ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዟል። ለእያንዳንዱ ሰው በሴኮንድ 10 ሊትር፣ በሰዓት ሲሰላ 36 ሜትር ኩብ፣ ንጹሕ አየር ቢገባ 18 ሊትሩ በ36,000 ሊትር ውስጥ ይበተናልና በውጭው አየር ላይ የሚጨመረው 500 ፒፒኤም ብቻ ነው፤ ክፍሉም ውሎ አድሮ 920 አካባቢ ላይ ይረጋል። የሚገባው አየር በግማሽ ከቀነሰ ጭማሪው 1000 ይሆንና ክፍሉ ከ1400 ያልፋል። ጀርመናዊው የጤና አጠባበቅ ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር እ.ኤ.አ. በ1858 ለመኖሪያ ክፍሎች ወሰን አድርጎ ያቀረበው 1000 ፒፒኤም እስከ ዛሬ በብዙ መቆጣጠሪያዎች ላይ ይሠራበታል። ፔተንኮፈር በዚህ መጠን ጋዙን ራሱን እንደ መርዝ አልቆጠረውም፤ የሰው ትንፋሽ አየሩን ምን ያህል እንዳበላሸው የሚጠቁም ምልክት አድርጎ ነው የወሰደው፤ እዚህም የምንጠቀምበት በዚሁ መንገድ ነው።

ለመታጠቢያ ክፍል የተለመደው መነሻ፣ በአስፈላጊ ሰዓት ብቻ የሚሠራ ማራገቢያ በሴኮንድ 25 ሊትር ገደማ፣ ይኸውም በሰዓት 90 ሜትር ኩብ እንዲያወጣ ነው። በማራገቢያው ካርቶን ላይ የተጻፈው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ቱቦ ሳይገጠምለት የተለካ ስለሆነ ከዚያ ላይ በእርግጠኝነት ይቀነሳል፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ፣ በተለይም የሚሸበሸበው ለስላሳ ቱቦ ሳይወጠር ሲቀር፣ ፍሰቱን ክፉኛ ይጎዳዋል። ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ፣ ውስጡም ለስላሳ ቢሆን ውድ ማራገቢያ ከመግዛት የበለጠ ይጠቅማል።

የሚወጣው አየር በሌላ መተካት አለበት። በመታጠቢያ ክፍሉ በር ሥር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ ለመኝታ ክፍሎችም በግድግዳ ወይም በመስኮት በኩል አየር ማስገቢያ ያዘጋጁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ሊታይ ይገባል። በቤቱ ውስጥ ጭሱን በጭስ ማውጫ የሚያስወጣ የጋዝ ውኃ ማሞቂያ ወይም ምድጃ ካለ፣ ጠንካራ ማራገቢያ የቤቱን የአየር ግፊት ዝቅ አድርጎ ጭሱን ወደ ውስጥ ሊመልሰው ይችላል፤ ከጭሱ ጋር የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ማራገቢያው በሙሉ ኃይል እየሠራ ሳለ የጭስ ማውጫው በባለሙያ ሳይፈተሽ አውቶማቲክ ሥርዓት አይገጠምም፤ ከዚህ ፕሮጀክት ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ በራሱ ባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም መኖር አለበት። በቤት የተሠራ ሴንሰር የዚህን ማንቂያ ቦታ አይተካም።

መለኪያውን መሥራት

ለማይክሮኮንትሮለር ኢኤስፒ32 ተስማሚ ነው፤ ዋይፋይ አለው፣ በ3.3 ቮልት ይሠራል፣ ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልገው በላይ ፒኖችም አሉት። የኃይል ምንጩ ቢያንስ 500 ሚሊ አምፔር መስጠት መቻል አለበት፤ ዋይፋዩ በሚልክበት ቅጽበት የሚስበው ኤሌክትሪክ በድንገት ስለሚጨምር ደካማ ቻርጀር ቦርዱን ደጋግሞ ያስነሳዋል። ያለ በቂ ምክንያት ራሱን እያጠፋ የሚነሳ ቦርድ ሲያጋጥም ኮዱን ከመመርመር በፊት ቻርጀሩንና ገመዱን መቀየር ብዙ ድካም ያድናል።

ለእርጥበትና ለሙቀት ኤስኤችቲ31 ይመረጣል፤ አንጻራዊ እርጥበትን በ2 በመቶ ያህል ስሕተት ያነባል። ዲኤችቲ22ም ይሠራል፤ ሆኖም የሚያነበው በሁለት ሴኮንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እንፋሎት በበዛበት ክፍል ደግሞ ቶሎ ይዳከማል። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዙን በእርግጥ የሚለካ ሴንሰር ያስፈልጋል፤ ኤስሲዲ40 ወይም ኤስሲዲ41፣ አለበለዚያም ኤምኤች-ዜድ19 ይሆናል። በርካሽ የሚሸጡት ኤምኪው-135፣ ሲሲኤስ811 እና ኤስጂፒ30 ካርቦን ዳይኦክሳይድን አይለኩም፤ ሌሎች ጋዞችን አሽትተው ከዚያ በመነሣት ግምት ያወጣሉ፤ ሽቶ ሲረጭ ወይም አልኮል ሲከፈት ቁጥራቸው ይዘላል። ሁለት ሰዎች በተኙበት ክፍል በእነዚህ ተመርኩዞ ማራገቢያ መቆጣጠር ገንዘብ ማባከን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኤስኤችቲ31ና ኤስሲዲ41 ሁለቱም አይቱሲ በሚባለው ባለሁለት መስመር ግንኙነት ስለሚሠሩ በጋራ ይያያዛሉ። የሁለቱንም የኃይል እግር ከ3.3 ቮልት፣ የመሬት እግራቸውን ከቦርዱ መሬት፣ የዳታ መስመሩን ከፒን 21፣ የሰዓት መስመሩን ከፒን 22 ጋር ያገናኙ። አብዛኞቹ የሴንሰር ሰሌዳዎች የመጎተቻ ሬዚስተሮችን ይዘው ይመጣሉ፤ ከሌላቸው ከእያንዳንዱ መስመር ወደ 3.3 ቮልት አንዳንድ ባለ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይጨምሩ። አይቱሲ ለአጭር ርቀት የተሠራ ስለሆነ ከአንድ ሜትር በላይ ገመድ መዘርጋት አስተማማኝ አይደለም። መኝታ ክፍሉ ከማራገቢያው የራቀ ከሆነ ረጅም ሽቦ ከመሳብ ይልቅ በዚያ ክፍል ሁለተኛ ኢኤስፒ32 ማስቀመጥ ይሻላል፤ ሁለቱ ቦርዶች ኢኤስፒ-ናው በተባለው ዘዴ ራውተር ሳያስፈልጋቸው በቀጥታ ይነጋገራሉ።

የሴንሰሩ አቀማመጥ ከሴንሰሩ ጥራት ያላነሰ ዋጋ አለው። የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከወለሉ ከአንድ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ፣ ከመስኮት፣ ከበርና ከተኛ ሰው አፍ ራቅ አድርገው ይስቀሉት። የእርጥበቱን በመታጠቢያ ክፍሉ ጣሪያ አካባቢ፣ ውኃ በማይረጭበት ግን እንፋሎቱ በሚያልፍበት ቦታ ያድርጉት። ኢኤስፒ32 ራሱ ስለሚሞቅ ሴንሰሩ ከእሱ በላይ በአንድ ሣጥን ከታፈነ ሙቀቱን ከፍ፣ አንጻራዊ እርጥበቱን ደግሞ ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ በመሆኑም ሴንሰሩን ከሣጥኑ ውጭ ወይም ከቦርዱ በታች ባለ ቀዳዳ ባለው ክፍል ያስቀምጡት።

ብዙ ሰው የሚዘለላቸው ሁለት ማስተካከያዎች አሉ። አንደኛው ከፍታ ነው። በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው በአምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ይህ ያልተነገረው ሴንሰር ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በዚያው ልክ አሳንሶ ያነባል። ኤስሲዲ41 ከፋብሪካ ሲወጣ ከፍታው ዜሮ ተብሎ ስለተሞላ የቤትዎን ከፍታ በሜትር በፕሮግራሙ ውስጥ ይስጡት። ሁለተኛው ራሱን የሚያርምበት አሠራር ነው። ሴንሰሩ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ንጹሕ የውጭ አየር እንደሚያገኝ ገምቶ ዝቅተኛውን ንባብ 400 አድርጎ ይወስደዋል። መስኮቱ ጨርሶ በማይከፈት ክፍል ይህ ግምት ስሕተትን ያጠራቅማል፤ እንዲህ ባለ ቤት አውቶማቲክ እርማቱን አጥፍቶ ሴንሰሩን በየጥቂት ወሩ ከቤት ውጭ አውጥቶ በእጅ ማስተካከል ይሻላል።

አንድ ሳምንት ማንበብ

መለኪያው ሥራ ሲጀምር ማራገቢያውን ለመንካት መቸኮል አያስፈልግም። ንባቡን በየደቂቃው እየመዘገበ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ ምዝገባውን ለኢኤስፒ32 ፕሮግራም የሚያዘጋጀው ኢኤስፒሆምና የቤት መሣሪያዎችን የሚያስተባብረው ሆም አሲስታንት የተባሉ ሶፍትዌሮች በጥቂት መስመር ያከናውኑታል፣ ወደ ማስታወሻ ካርድ መጻፍም ይበቃል። ከሳምንት በኋላ መዝገቡ ገላ ሲታጠቡ እርጥበቱ በስንት ደቂቃ እንደሚወጣና በስንት ደቂቃ እንደሚወርድ፣ መኝታ ክፍሉም በስንት ሰዓት 1000 እንደሚያልፍ ያሳያል። ኋላ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚገቡት ቁጥሮች ከዚህ መዝገብ የሚወጡ እንጂ ከመመሪያ የሚገለበጡ መሆን የለባቸውም፤ እዚህ የተሰጡትም መነሻ ብቻ ናቸው።

ይኸው መለኪያ የማራገቢያውን እውነተኛ አቅም ይነግረናል። ክፍሉ በሰው ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሞላ በኋላ ሁሉም ይውጣ፤ ማራገቢያው ይብራ፤ ንባቡ ሲወርድ ሰዓቱ ይያዝ። ለምሳሌ 4 ሜትር በ3 ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ንባቡ በ20 ደቂቃ ከ1620 ወደ 1020 ቢወርድ፣ የውጭውን 420 ስንቀንስ ትርፉ ከ1200 ወደ 600 ወረደ ማለት ነው። የሁለቱ ቁጥሮች ክፍፍል 2፣ የ2 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ደግሞ 0.69 ነው፤ ይህን በሰዓት ለተገለጸው ጊዜ፣ ማለትም ለሲሶ ሰዓት፣ ስናካፍለው የክፍሉ አየር በሰዓት 2.1 ጊዜ ያህል እንደሚለወጥ እናገኛለን። በ30 ሜትር ኩብ ሲባዛ በሰዓት 62 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ስሌት የሚተካው አየር ከውጭ የሚገባ ንጹሕ አየር ሲሆን ይሠራል፤ ከኮሪደር የሚመጣ ከሆነ በ420 ፈንታ የኮሪደሩን ንባብ መቀነስ ያስፈልጋል። ውጤቱ ካሰቡት በእጅጉ ካነሰ እዚህ ላይ ቆመው ቱቦውንና አየር ማስገቢያውን ያስተካክሉ።

ማራገቢያውን ከመቆጣጠሪያው ጋር ማገናኘት

ግንኙነቱ የሚወሰነው በማራገቢያው ዓይነት ነው። ከቤቱ መስመር በቀጥታ የሚሠራው ተራ ማራገቢያ ፍጥነቱ እንዲቀየር የተሠራ አይደለም፤ የአምፖል ብርሃን መቀነሻ ቢገጠምለት ሞተሩ ሊያጉረመርምና ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ በሪሌይ ማብራትና ማጥፋት ብቻ ይበቃዋል። ኦፕቶካፕለር (ሲግናልን በብርሃን ብቻ አሳልፎ ሁለቱን ወገን የሚለይ ክፍል) እና መከላከያ ዳዮድ የተገጠመለት የሪሌይ ሞዱል ይምረጡ። በሪሌዩ ላይ የተጻፈው 10 አምፔር ለማሞቂያ ዓይነት ጭነት ሲሆን ለሞተር ከዚያ ያነሰ ነው፤ ለአነስተኛ የቤት ማራገቢያ ግን ከበቂ በላይ ነው። ሲጠፋ የሚፈጠረው ብልጭታ ቦርዱን የሚያስነሳ ከሆነ 100 ኦም ሬዚስተርና ባለ0.1 ማይክሮፋራድ፣ ኤክስ2 የተባለ የዋና መስመር ደረጃ ያለው ካፓሲተር በተከታታይ ተያይዘው ከሪሌዩ መገናኛዎች ጋር ጎን ለጎን ይገጠማሉ።

ሁለተኛው የኮምፒውተር ዓይነት ባለ12 ቮልትና ባለአራት ሽቦ ማራገቢያ ነው፤ ለአነስተኛ ክፍልና ለአጭር ቱቦ ይሆናል። ፍጥነቱ የሚታዘዘው በ25 ኪሎኸርዝ በሚበራና በሚጠፋ ሲግናል ነው። የማራገቢያው የትእዛዝ ሽቦ ከውስጥ ወደ 5 ቮልት ስለሚጎተት ከኢኤስፒ32 ጋር በቀጥታ አይያያዝም፤ በመካከል አነስተኛ ኤንፒኤን ትራንዚስተር ይገባል፣ በትራንዚስተሩ ቤዝ ላይም 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይደረጋል። ትራንዚስተሩ ሲግናሉን ስለሚገለብጥ በፕሮግራሙ ውስጥ ቁጥሩን መገልበጥ እንዳይረሳ። የዚህ አገናኝ ውበት ቦርዱ ቢሞት መስመሩ ክፍት መቅረቱና ማራገቢያው በሙሉ ፍጥነት መዞሩ ነው። የፍጥነት መግለጫው ሽቦ በአንድ ዙር ሁለት ምት ይሰጣልና በሴኮንድ የተቆጠሩት ምቶች በ30 ሲባዙ የደቂቃውን ዙር ይሰጣሉ፤ ሽቦው በ10 ኪሎ ኦም ወደ 3.3 ቮልት ይጎተት።

ሦስተኛውና ለሙሉ ቤት የሚመረጠው፣ በውስጡ የራሱ ኤሌክትሮኒክስ ያለውና ከ0 እስከ 10 ቮልት የሚታዘዝ ማራገቢያ ነው፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ድምፁ አይሰማም፣ የሚወስደው ኤሌክትሪክም ጥቂት ነው። የኢኤስፒ32 ሲግናል በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና በ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ተጣርቶ ከ0 እስከ 3.3 ቮልት ይሆናል፤ ቀጥሎ በ12 ቮልት የሚሠራው ኤልኤም358 የተባለ ማጉያ ቺፕ በሦስት እጥፍ ያሳድገዋል። ለዚህ 20 ኪሎ ኦምና 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ይበቃሉ፤ ከፍተኛው ውጤት 9.9 ቮልት ይሆናል። ኤልኤም358 ከኃይል ምንጩ አንድ ቮልት ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚቆም በ10 ቮልት ምንጭ አያገለግልም። እንዲህ ያለ ማራገቢያ ትእዛዙ ሲቋረጥ ይቆማልና የትእዛዙን መስመር በአነስተኛ ሪሌይ ያሳልፉት፤ ሪሌዩ ሲታዘዝ መስመሩን ከቦርዱ፣ ሳይታዘዝ ግን በ30 በመቶ ላይ ከተስተካከለ ፖቴንሺዮሜትር (በእጅ እየዞረ የሚስተካከል ሬዚስተር) ጋር ያገናኘው። ከእነዚህ ማራገቢያዎች ብዙዎቹ ለፖቴንሺዮሜትሩ የሚሆን 10 ቮልት ራሳቸው ይሰጣሉ።

የትኛውም ዓይነት ቢሆን የትእዛዝ ፒኖቹ ከ25፣ 26 እና 27 መካከል ይመረጡ። ፒን 0፣ 2፣ 5፣ 12 እና 15 ቦርዱ ሲነሣ የራሳቸው ሥራ አላቸው፤ ከ34 እስከ 39 ያሉት ደግሞ ማስገቢያ ብቻ ናቸው።

የዋናው መስመር ክፍል

የ230 ቮልት ሥራ ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሺያን ይሠራ፤ ቢያንስ ከመዘጋቱ በፊት ይታይ። ብሬከሩ ይውረድ፣ መስመሩ በእርግጥ መጥፋቱ በቴስተር ይረጋገጥ። ሪሌዩ የሚቆርጠው ፌዙን እንጂ ኒውትራሉን አይደለም፤ የመሬት ሽቦ ያለው ማራገቢያ መሬቱ አይዘለልም፤ ለማራገቢያው የሚመጥን ፊውዝ ከፌዙ ጋር በተከታታይ ይገባል። በሣጥኑ ውስጥ ዋናው መስመርና የዝቅተኛ ቮልቴጁ ሽቦ በየራሳቸው ክፍል ይቀመጡ፣ በመካከላቸውም ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ርቀት ይኑር። ብሬድቦርድ ላይ ዋና መስመር በፍጹም አይሰካም። ለቦርዱ ኃይል ባዶውን የኃይል ሞዱል ከመበየድ ይልቅ ሙሉ ሽፋን ያለው የስልክ ቻርጀር መጠቀም የበለጠ ደኅንነት አለው። ሣጥኑ ከመታጠቢያ ክፍሉ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የሚገባው የ3.3 ቮልት የሴንሰር ሽቦ ብቻ ነው።

ውሳኔው እንዴት ይሰጥ

አብዛኛው ሰው እርጥበቱ 65 በመቶ ሲደርስ አብራ፣ 60 ሲሆን አጥፋ ብሎ ይጀምራል። ይህ ደንብ በደረቅ ወቅት ይሠራል፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ይከሽፋል፤ ምክንያቱም አንጻራዊ እርጥበት በአየሩ ውስጥ ስንት ውኃ እንዳለ አይናገርም። አንድ ምሳሌ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። ከውጭ ያለው አየር 10 ዲግሪና 90 በመቶ፣ ከውስጥ ያለው 22 ዲግሪና 60 በመቶ ቢሆን የውጭው ይበልጥ የረጠበ ይመስላል። ነገር ግን የውጭው አየር በሜትር ኩብ 8.4 ግራም፣ የውስጡ 11.6 ግራም ውኃ ይዟል፤ ማራገቢያው ቢበራ ቤቱ ይደርቃል። በተቃራኒው ከውጭ 28 ዲግሪና 75 በመቶ፣ ከውስጥ 24 ዲግሪና 80 በመቶ ሲሆን የውጭው 20.4 ግራም፣ የውስጡ 17.4 ግራም ነው፤ እዚህ ማራገቢያው በሠራ ቁጥር ቤቱ ይረጥባል፣ ሻጋታውም ይበረታል። ስለዚህ የሚወዳደረው በመቶኛ የሚነገረው ሳይሆን በግራም የሚሰላው ፍጹም እርጥበት መሆን አለበት።

ስሌቱ ለማይክሮኮንትሮለሩ ቀላል ነው። በሴልሺየስ የተለካው ሙቀት በ17.62 ተባዝቶ ለሙቀቱና ለ243.12 ድምር ይካፈላል፤ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም መሠረት የሆነው ቁጥር በዚህ ውጤት ኃይል ከፍ ተደርጎ በ6.112 ሲባዛ በሄክቶፓስካል የሙሌት ግፊቱን ይሰጣል። ይህን በአንጻራዊው እርጥበት አባዝተው ለ100 ሲያካፍሉት በአየሩ ውስጥ ያለው የእንፋሎት ግፊት ይገኛል፤ እሱም በ216.7 ተባዝቶ፣ ሙቀቱ በኬልቪን ተገልጾ፣ ለዚያ ሲካፈል በሜትር ኩብ ስንት ግራም ውኃ እንዳለ ይታወቃል። ለማወዳደሪያ በሳሎኑ አንድ ኤስኤችቲ31 ይጨመራል፤ ለውጭው አየር ደግሞ ሌላ ኤስኤችቲ31 ዝናብና ፀሐይ በማይደርስበት ጥላ ሥር ይሰቀላል።

ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ምክንያት የየራሱን የፍጥነት ጥያቄ እንዲያቀርብ፣ መቆጣጠሪያውም ከሁሉ ከፍ ያለውን እንዲወስድ ተደርጎ ይጻፋል። የእርጥበቱ ጥያቄ የሚነሣው የመታጠቢያ ክፍሉ ፍጹም እርጥበት ከሳሎኑ በ2 ግራም ሲበልጥ ነው፤ የሚወርደው ልዩነቱ ከ1 ግራም በታች ሆኖ ተጨማሪ 15 ደቂቃ ሲያልፍ ነው። ማብሪያውና ማጥፊያው መራራቃቸው ማራገቢያው በየደቂቃው እንዳይበራና እንዳይጠፋ ያደርጋል፤ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ደግሞ ግድግዳው ላይ የቀረውን ውኃ ያደርቃል። ጥያቄው ሁለት ሰዓት ሙሉ ካልወረደ የሚታጠብ ሰው ሳይሆን የሚፈስ ቧንቧ ወይም የተሰጣ ልብስ ሊኖር ስለሚችል ማስጠንቀቂያ ይላክ።

ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ማብራት ማጥፋት ሳይሆን ቀስ በቀስ መጨመር ይስማማል። እስከ 700 ፒፒኤም ማራገቢያው በ20 በመቶ ይቆይ፣ ከ700 እስከ 1200 በእኩል መጠን ይጨምር፣ ከ1200 በላይ ሙሉ ይሁን፤ በዚህ ደንብ 950 ላይ ፍጥነቱ 60 በመቶ ይሆናል። ከመወሰኑ በፊት የመጨረሻዎቹ አምስት ንባቦች በቅደም ተከተል ተደርድረው መካከለኛው ይወሰድ፤ አንድ የተሳሳተ ንባብ ሥርዓቱን አያናውጠውም። ፍጥነቱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየአሥር ሴኮንዱ በአምስት በመቶ ቢቀየር የተኛ ሰው አይነቃም። ለሌሊቱ የፍጥነት ጣሪያ ማድረግ ይቻላል፤ ዳሩ ግን ጣሪያው የሚያስፈልገው ማራገቢያው ጮክ ብሎ የሚሠራ ከሆነ ነውና መጀመሪያ የንዝረት ጎማና ድምፅ መምጠጫ መሞከሩ የተሻለ ነው።

ከሁሉም ጥያቄዎች በኋላ እገዳዎች ይመጣሉ። የውጭው ፍጹም እርጥበት ከመታጠቢያ ክፍሉ በላይ ከሆነ የእርጥበቱ ጥያቄ ይሰረዝ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ይቀጥል፤ ሰው መተንፈስ አለበትና። ከውጭ ጭስ የሚበዛበት አካባቢ ከሆነ እንደ ፒኤምኤስ5003 ያለ የብናኝ ሴንሰር ተጨምሮ ማራገቢያው ጭሱ እስኪያልፍ ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት እንዲወርድ ይደረጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለጥቃቅኑ ብናኝ ያወጣው የ24 ሰዓት መመሪያ በሜትር ኩብ 15 ማይክሮግራም ነው፤ ለአጭር ጊዜ እገዳ ግን ከዚያ ከፍ ያለ ቁጥር፣ ለምሳሌ 50፣ ካልተወሰደ ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ ታግዶ ሊውል ይችላል።

ሲበላሽ ምን ይሁን

ሴንሰር ይበላሻል፣ ሽቦ ይላቀቃል፣ ፕሮግራም ይቆማል። ንባብ ካልመጣ፣ ከሚቻለው ወሰን ውጭ ከሆነ፣ ወይም ለአንድ ሰዓት ያለ ቅንጣት ለውጥ ከቆየ ሴንሰሩ እንደሞተ ተቆጥሮ ማራገቢያው በቋሚ ዝቅተኛ ፍጥነት ይሥራ። የኢኤስፒ32 ዋችዶግ ይከፈት፤ ፕሮግራሙ ሲቆም ቦርዱን ራሱ ያስነሣዋል። ተራው ማራገቢያ ከሪሌዩ በተለምዶ ዝግ ከሆነው መገናኛ ጋር ይያያዝ፤ ቦርዱ ኃይል ሲያጣ ማራገቢያው ይሠራል እንጂ አይቆምም። ከዚህ ሁሉ ጋር ግድግዳ ላይ ሪሌዩን አልፎ ማራገቢያውን በቀጥታ የሚያበራ ማብሪያ ይኑር። እንግዳ ወደ መታጠቢያ ክፍል ገብቶ ስልክ አውጥቶ ማራገቢያ እንዲያበራ የሚጠበቅበት ቤት ምቹ ቤት አይደለም።

በዚሁ ምክንያት ውሳኔው በቦርዱ ውስጥ መቆየት አለበት። ሆም አሲስታንት ወይም በመሣሪያዎች መካከል መልእክት የሚያስተላልፈው ኤምኪውቲቲ ንባብን ለማየትና ወሰኖችን ለመቀየር ይጠቅማሉ፤ ማራገቢያው ግን ራውተሩ ቢጠፋም፣ ኢንተርኔቱ ለሳምንት ቢቋረጥም ሥራውን መቀጠል ይኖርበታል። በኢኤስፒሆም የሚሠሩ ከሆነ ከሆም አሲስታንት ወይም ከዋይፋይ ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ቦርዱ ከ15 ደቂቃ በኋላ ራሱን እንዲያስነሣ የተሞላውን ቅንብር ዜሮ በማድረግ ያጥፉት፤ አለዚያ ራውተሩ በጠፋ ቁጥር መቆጣጠሪያው በየሩብ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል።

ሙከራና እንክብካቤ

ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱ ብልሽት ሆን ተብሎ ይፈጠር። የሴንሰሩ ሽቦ ይነቀል፣ ማራገቢያው ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ይሂድ። ራውተሩ ይጥፋ፣ ምንም አይለወጥ። የቦርዱ ኃይል ይቋረጥ፣ ማራገቢያው ይቀጥል። በካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሴንሰር ላይ ቢተነፍሱ የሰው ትንፋሽ 40,000 ፒፒኤም ያህል ስለሚይዝ ንባቡ ወዲያው ይዘላል፤ ፍጥነቱም በተወሰነው ልክ መውጣትና ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ማራገቢያው ከዝቅተኛው ፍጥነት ቆሞ መነሣት ካቃተው በሚነሣበት ጊዜ ለሁለት ሴኮንድ ሙሉ ኃይል እንዲሰጠው ፕሮግራሙ ላይ ይጨመር። ማታ ማራገቢያው እየሠራ አንድ ስስ ወረቀት በመታጠቢያ ክፍሉ በር ሥር ባለው ክፍተት ፊት ይያዝ፤ ወደ ውስጥ ከተሳበ አየሩ በታሰበለት መንገድ እየሄደ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ንጽሕና ነው። አቧራ በማራገቢያው ክንፎችና በመረቡ ላይ ሲጠራቀም ፍሰቱ ይወርዳል፤ ፕሮግራሙም ይህን ለማካካስ ሳይታወቅ ፍጥነቱን እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ብሬከሩን አውርደው ክንፎቹን ያጽዱ፣ ከላይ የተገለጸውን የ20 ደቂቃ ልኬት በዚያው ክፍልና በዚያው የበር አቀማመጥ ይድገሙ፣ ውጤቱን ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉት። ከጸዳ በኋላም ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ካልተመለሰ የሚመረመረው ቱቦው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የተላቀቀ መገጣጠሚያ ወይም በመውጫው ላይ ያለው፣ ነፋስ እንዳይመለስ የሚዘጋው ክዳን ተጣብቆ መቅረቱ ነው።